«ከምርጫው በኋላ ትመጣለህ»

ከቦሌ ሚካኤል ወደ ሰሚት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች የአሜሪካን ምርጫ ይዘው ይከራከራሉ።

«ተቃዋሚዎቹ ለፕሬዚዳንትነት ካሰለፏቸው ውስጥ አንድም ጠንካራ እጩ የለም» አለ ባለኮፍያው።

«ደካሞቹስ የገዢው ፓርቲ እጩዎች ናቸው!» አለ ባለጃኬቱ።

«ቆይ፣ አንተን ምን አገባህ?»

«ሚስቴ እዚያ ናት። ተቃዋሚዎቹ ካሸነፉ የቪዛው ፕሮሰስ ያልቃል፣ ከምርጫው በኋላ ትመጣለህ ብላኛለች።»

«ባለፈው ምርጫስ ምን ብላህ ነበር?»

«ያኔማ የአሁኖቹ ካሸነፉ ትመጣለህ ነበር ያለችኝ።»

«አሸነፉ አይደል እንዴ?»

«አሸነፉ» አለ ባለጃኬቱ።

«ሳትቀየመኝ፣ እኔ ከፓርቲዎቹ ይልቅ ሚስትህን ነው የምጠረጥረው።»

ባለጃኬቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

መውረጃዬ ቢያልፈኝም፣ ያንን ዝምታ ሰብሬ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።