የመርፌ ክዳን

ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ ቦክስ የሚሉትን ፒክአፕ መኪና ስጠብቅ፣ ሱዳን ውስጥ ቁረይሻ ከተባለች ከተማ አጠገብ ካለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ አጥር ሥር ተቀመጥሁ። መምህር ነኝና ክርክር ስሰማ ጆሮዬን መከልከል አልችልም። ከጎኔ የነበሩት የመተማ ተወላጁ ድሬሰር ጋሼ ወልደ ማርያም ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማሽላ አጫጆችን መርፌ ሲወጉ የኖሩ። ፊት ለፊታቸው የቆመችው ነርስ ፍቅርአዲስ ጎንደር የተማረች ልጅ ናት።

«ኻላስ፣ ልጄ! በቃኝ። ትናንት አልዋጥሁም፤ ዛሬም አልውጥም» ብለው የክኒን ብልቃጥ ዘረጉላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት የኤችአይቪ ቫይረስ በደሙ ያለበትን ሕመምተኛ ወግተው፣ መርፌዋን መልሰው ሲከድኑ አውራ ጣታቸውን ወጋቻቸው። ፍቅርአዲስም ወዲያው በውሃና በሳሙና አሳጥባ፣ መርምራ፣ ኤችአይቪ እንዳይዛቸው የሃያ ስምንት ቀን መከላከያ አስጀመረቻቸው።

«ማቅለሽለሹ ነው ያስመረረዎት?»

«እሱንስ ችየው ነበር። ሻይ ሻጩ ጀማሉ ብልቃጡን አየና ‹ዓም ወልዴ፣ አጎቴ፣ ይህ የዚያ በሽታ ዒላጅ፣ ማከሚያው አይደል?› አለኝ። ሚስቴ ደብሪቱ ብትሰማስ? በስተርጅና ከየት አመጣው አትልም?»

«አልነገሯቸውም?»

«ምን ብዬ! በሙቀቱ አሳብቤ ውጭ ነው የምተኛው።»

ብልቃጡን ተቀብላ ብትወዘውዘው ድምፅ የለውም። ከፈተችው፤ እንዳይንኳኳ ጥጥ ጎስረውበታል። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን አዘንሁ። ስንቱን ያከሙ ሰው የራሳቸውን መድኃኒት እንደ ሌባ ይደብቁ?

«ጋሼ፣ መርፌዋን ለምን ከደኗት?»

«መምህሬ ‹መርፌ ራቁቷን አትተው፣ ነውር ነው› ብሎ ነው ያስተማረኝ።»

«እንግዲያ ያስወጋዎት ክዳኑ ነው። እንዳለች መርፌ መጣያው ሣጥን ውስጥ ቢጥሏት ይህ ሁሉ ባልመጣ። አሁን ደግሞ በሌላ ክዳን፣ በመደበቅዎ፣ ሊጎዱ ነው። ዒላጅ ለታመመ ነው፤ ይህ ዊቃያ ነው፣ እንዳይታመሙ የሚከላከል። ደምዎ ከቫይረሱ ነፃ ነው፤ ነፃ ሆነው እንዲቀሩ ነው የሚውጡት።»

«ጣቴን ጨምቄ አልኮል አፍስሼበታለሁ እኮ!»

«እሱ አያድንም፤ ቁስልም አይጨመቅም። ካቋረጡ ጥበቃው ይላላል። የትናንቱን አይደርቡ፤ የዛሬውን አሁን ይዋጡልኝ፤ ከዚያ በየቀኑ በዚችው ሰዓት። የመጨረሻው ምርመራ እስኪያልፍም እማማ ደብሪቱ እንዲጠነቀቁ ሊያውቁ ይገባል።»

ጋሼ ብልቃጡን መልሰው ተቀበሉ። «‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም› እያልሁ ስንቱን መክሬያለሁ» አሉ። «እኔ ብሼ መድኃኒቱን ደበቅሁ!»

ጥጡን አውጥተው ጣሉና ክኒኑን ዋጡ። ቤታቸው ከክሊኒኩ ጀርባ ነው፤ ወደዚያ ሲሄዱ ብልቃጡ ኪሳቸው ውስጥ በየእርምጃው ይንኳኳ ነበር። «ደብሪቱ!» ሲሉ ሰማሁ፤ ቦክሱም መጣ።

ከሦስት ወር በኋላ ስመለስ ሃያ ስምንቱን ቀን ጨርሰው፣ በመጨረሻውም ምርመራ ከቫይረሱ ነፃ ሆነው አገኘኋቸው። ክሊኒኩ ውስጥ መርፌ የሚከድን የለም፤ የተወጋ ሠራተኛ ሦስት ቀን ሳይሞላው፣ ቢቻል በዚያው ሰዓት፣ መከላከያውን ይጀምራል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ይህን የሚያስተምሩት ራሳቸው ጋሼ ናቸው።

እማማ ደብሪቱን ያን ቀን ምን እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን ነው ያልሁ» አሉኝ እየሳቁ። «ውጭ መተኛት ሲጀምር እኮ ሌላ ሴት ለምዷል ብዬ ጓዜን ጠቅልዬ ነበር።»