ጠበቃውና የእናቴ ማኅበር

የተከበረ ጠበቃ ያፈረበትን ነገር ማውራት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጎፋ ባለችው የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቄ ተቀምጬ፣ በዓላትንና አጽዋማትን የምታስታውስ የቀን መቁጠሪያ ሶፍትዌር ሠርቼ በቴሌግራም ለፈለገ ሁሉ በነጻ እልክ ነበር። አንድ ረፋድ ላይ ጠበቃው ላፕቶፑን ታቅፎ ከች አለ። «ይቺ ሶፍትዌር የደንበኛዬ ንብረት ናት። የሰው ፋይል ማደልህን አቁመህ አሁኑኑ የይቅርታ ደብዳቤ ካልፈረምክ ሱቅህን አሳሽጋለሁ!»

እኔ መቼም ሕግ የማላውቅ ሞኝ ነኝ። «ጌታዬ፣ ሌባም ቢሆን የሰረቀውን አይቶ ይፈርም። እስኪ የደንበኛዎን ይክፈቷትና ቀኑን ወደ ሃያ አንድ ያዙሩት» አልኩት። አዞረው። ላፕቶፑ ላይ በትልልቅ ፊደል «ደረጀ! ዛሬ የእማዬ የማርያም ማኅበር ነው፤ ዳቦውን እንዳትረሳ!» የሚል ወጣ።

«ደረጀ ማነው?» አለ ጠበቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከበሩ በላይ «ደረጀ ኮምፒውተር ጥገና» የሚለውን ታፔላ በጣቴ አሳየሁትና ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረብኩለት። «የይቅርታው ደብዳቤ አይቅር፤ እርስዎ ይጻፉት፣ እኔ እቀበላለሁ።» ሳይሰናበተኝ ወጣ።

ሶፍትዌሯን ዛሬም እያደልኩ ነው። ይህን ግን አደራ ለማንም እንዳታወሩ። እናቴ ማኅበሯን የማስታውሰው በኮምፒውተር መሆኑን ከሰማች፣ ከእሷ የሚያስጥለኝ ጠበቃ የለም።