ወፍ የበላው ማሽላ

ሄሎ... ሄሎ? ማን ልበል? ... ሰላሁዲን! ... ወአለይኩም ሰላም። ሰላምታህን ተቀብያለሁ፣ ሌላውን ግን አልቀበልህም። ... ቆመህ ነው? ... እንግዲያው ሱቁን ገርበብ አድርግና ቁጭ በል። ቁጭ ብለህ ስማኝ። ቆሞ የሰማ ሰው ግማሹን እዚያው ጥሎት ነው የሚሄድ።

— እኅትህን ምን አደረግሃት? ... ምንም? ኢስራ ዛሬ ቆቦ ወርዳ ኮምፒውተር ቤት የኮሌጅ ምርጫዋን አስከፍታ አይታለች። የመረጠችው የእርሻ ኮሌጅ የለም! «ደሴ፣ ሂሳብ አያያዝ» ይላል። እሷ ናት የሞላችው? ... እኔ ልንገርህ፣ አንተ ነህ። እዚህ ኔትዎርክ የለም ብላ የምዝገባ ቁጥሯን አምናህ ሰጠችህ፣ አንተ ምርጫዋን ለወጥክባት።

— ለሷ አስበህ? ... አትጩህብኝ! አባትህ ነኝ እንጂ የሱቅህ ደንበኛ አይደለሁም።

— (ፈሪሀ፣ ስልኩን አልሰጥሽም! አንቺ ገና ድምፁን ስትሰሚ «አብሽር ልጄ» ልትይው ነው። ቆይ።)

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ... ምን? «እርሻ ካለች እኔ የተማርኩበት ትግባ»? ጭራሽ! ያንተ ኮሌጅ ደጋ ነው። ገብስና ድንች ሲያሳዩህ ከረሙ፣ የኛን ማሽላ በምን ያውቁታል? የሷ ቆላ ነው። ሙቀቱ እንደኛ፣ ማሳው ማሽላ፣ ወፉም የኛው ወፍ። ሄዳ አይታ ነው የመጣች። ... አዎ፣ ወፍ አልኩ። ምን ያስደነግጥሃል?

— ...

— እሱን አሁን ምን አመጣው?

— ብያለሁ። ... ብያለሁ አልኩህ እኮ! መስጊድ ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «ልጄ ለወፍ ነው የተማረ» ብያለሁ። ታዲያ ውሸት ነው? «አጭሩን ማሽላ እንዝራ፣ ቶሎ ይደርሳል» ብለህ ግማሹን መሬት አስዘራኸኝ። ደረሰ። ያገሩ ማሽላ ገና አረንጓዴ ሳለ ብቻውን ደረሰ! የግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ወርዶበት በሁለት ቀን አገዳውን አስታቅፎኝ ሄደ። አገዳውም ድንክ፣ ለከብት እንኳ የማይበቃ። ምን ልበል? ተባረክ ልበልህ?

— ... ማን? ... ሮቢት ገበያ ድረስ? ... ልጆቹ ሳይቀሩ «የወፍ ባለሙያ» እያሉ ሳቁብህ? ... ይኸን አልነገርከኝም። ... ለእናትህ? (ፈሪሀ፣ ታውቂ ኖሯል? ... አውቀሽ ነው ዝም ያልሽኝ?)

— ይሁና! አንተም ታዲያ ሥራህን ጥለህ ደሴ ገብተህ የስልክ ቀፎ ነጋዴ ሆንክ። እኔ ሂድ አልኩህ? ... አትሂድስ አልኩህ? ... አላልኩህም። እሱም እውነት ነው።

— ዝም በልና ስማኝ። አምና የበልጉ ዝናብ ቀረ። ያገሩን ማሽላ ዘርተነው ምድር በላው። ሐምሌ ሲገባ ለሱ ጊዜው አለፈ፣ እጃችንን አጣጥፈን ቁጭ አልን። ያኔ ኢስራ ጓዳ ገብታ፣ አንተ ትተኸው የሄድከውን ግማሽ ጆንያ ዘር ጎትታ አወጣችው። «አባባ፣ ወፍ የፈጀው ብቻውን ስለደረሰ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ባንድ ሳምንት ከዘራው ለወፉም ይበዛበታል» አለች። ተቆጣኋት። ኋላ ግን... ለስድስት ቤት አካፈልነው። ወፉ መጣ። በላ። ለኛም ተረፈ።

— ... የለም፣ አገዳው አሁንም ድንክ ነው። እሷም ይኸን ላጥና ነው የምትል፤ ከብቱ አገዳ እንዳያጣ።

— እና ዘሩ ከየት ነው ሲሉኝ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? «ከመንግሥት ነው» አልኩ። ያንተን ስም ለመጥራት አፌ እምቢ አለ።

— ...

— ወዴት ትነሣለህ? ቁጭ እንዳልክ ስማኝ።

— ምን ላድርግልህ? ለኔ ምንም! ይቅርታህን አልጠየቅሁህም፣ የልጅቱን ምርጫ መልስ ነው ያልኩህ። ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። በኔ የያዝከውን ቂም በኔው ላይ ተወጣው፣ በሷ ላይ አይደለም። (ኢስራ፣ እንባሽን ጥረጊ፣ እየሰማሽ አይደል?)

— ስማ፣ ለጁምዓ፣ እዚያው መስጊድ ደጃፍ፣ ያንን ባልኩበት ቦታ ቆሜ «ዘሩ የሰላሁዲን ነበር» እላለሁ። ... ብትመልሰውም ባትመልሰውም እላለሁ። ይሳቁብኝ። ተራዬ ነው።

— ... እሺ በለኝ አልልህም። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ልዝጋው። ብቻ... ወፍ የበላብህን ስታስብ፣ ስድስት ቤት የበላውንም አስታውስልኝ፣ ልጄ።