ላሚቱን አይቶ ማበደር

ጎማዬን የበሳውን ምስማር እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ። እሱ ባይኖር ያን ቅዳሜ ጠዋት አትላንታ አጠገብ ታከር ከሚገኘው የአምባቸው ጎሚስታ ቤት ጎራ አልልም ነበር፤ ከዚያ ባልደርስ ደግሞ ይህን ክርክር አልሰማም፣ የዕቁባችንም ነገር እንደተበላሸ ይቀር ነበር። ዘገየ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ሃያ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሬ፣ ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ከገባሁ ወዲህ የኤርፖርት ሻትል እነዳለሁ። የመምህርነት ዓመል ግን ከጠመኔው ጋር አብሮ አይቀርም፤ ምክር የሚያንገሸግሸው ሰው ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አምባቸው ጎማዬን ፈቶ ሲወስድ፣ እንግዳ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ወይዘሮ ኤልፍነሽን ተቀምጠው አገኘኋቸው። የፍሬን ሸራ እያስቀየሩ ነበር። ወይዘሮ ኤልፍነሽ በሰሜን ጣሊያን ተራሮች መካከል ባለች ትንሽ ከተማ አሥራ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ሲያስታምሙ ኖረው፣ ልጃቸው ወደዚህ ካመጣቻቸው ስድስት ዓመት የሆናቸው ሴት ናቸው። የዕቁባችን አባል ናቸው፤ ግን ከኋላ ተቀምጠው ከማዳመጥ በቀር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ጤና ተጠያይቀን ሳንጨርስ በሩ ተከፈተና ሀብታሙ ገባ።

ሀብታሙ የዕቁባችን ዳኛ ነው። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነው፤ እዚሁ ኮሌጅ ፋይናንስ ተምሮ ደንዉዲ ከአንድ ባንክ ቢሮ ይሠራል። ዳኛ ያደረግነው ኮምፒዩተር ስለሚያውቅ ነው፤ እኔም እጄን አውጥቼ መርጬዋለሁ። ቅን ልጅ ነው። ብቻ «እትዬ» እና «ጋሼ» እያለ «አንቺ» እና «አንተ» ማለቱ እስከ ዛሬ ጆሮዬን ይቆረቁረዋል።

«ልጄ፣ ትንሳኤን ምን ልታደርጋት አሰብህ?» አሉት ወይዘሮ ኤልፍነሽ፣ ገና ሳይቀመጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሳኤ በዲቪ ከመጣች ሰባት ወሯ ነው። ስቶን ማውንቴን ትኖራለች፤ ሥራዋ ደንዉዲ ካለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። በአዘቦት ቀን በአውቶቡስና በባቡር ሁለት ሰዓት ይፈጅባታል። እሑድ ግን አውቶቡሱ የሚጀምረው ዘግይቶ ስለሆነ ለጠዋት ፈረቃዋ አያደርሳትም። ሁለት ጊዜ አርፍዳለች፤ አለቃዋም ለሦስተኛ ጊዜ ካረፈደች እንዳትመጣ ነግራታለች። ባለፈው እሑድ ደግሞ እግዜር ሲላት ዕጣው በስሟ ወጣ፤ አራት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር። መኪና ልትገዛበት ነው ብለን ደስ ሲለን፣ ሀብታሙ አዲስ ያወጣውን ደንብ አነበበ፦ ክሬዲት ስኮሩ፣ ማለት የብድር አከፋፈሉ የሚለካበት ነጥብ፣ ከስድስት መቶ ሰማንያ በታች የሆነ ሰው ዕቁብ የሚወስደው መጨረሻ ላይ ነው። ትንሳኤ ስኮር የላትም። ስለዚህ ዕጣው በማግስቱ፣ ማለትም እሑድ፣ እንደገና ሊወጣ ነው። እሷ ደግሞ ሰኞ ከአንድ የአሮጌ መኪና ሻጭ ዘንድ ሄዳ፣ በሃያ አራት በመቶ ወለድ መኪና በዱቤ ለመግዛት ልትፈርም ቀጠሮ ይዛለች።

«አይ ፊል ባድ፣ እትዬ፤ ሪሊ» አለ ሀብታሙ እየተቀመጠ። «ግን ሩል ሩል ነው። ስኮሯ ሎው ቢሆን እንኳ እናየው ነበር። ጭራሽ የላትም። ሲስተም ውስጥ የለችም።»

«ሲስተም ውስጥ ባትኖርም ስቶን ማውንቴን አለች። በሯን ካንኳኳህ ትከፍትልሃለች።»

«ፍስሐን ረሳሽው እንዴ? ዕቁቡን ይዞ ሲያትል ገባ፣ ስልኩን ዘጋ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እትዬ።»

እውነቱን ነው፤ ፍስሐ የሚባል ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ዕቁባችንን በልቶ ጠፍቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የሀብታሙ ደንብ የመጣው ከዚያ ድንጋጤ ነው። ስለዚህ በልቤ ለእሱም ፈረድኩለት። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ግን መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠራረጉና እንዲህ ሲሉ ጀመሩ።

«እኔ በነበርኩበት ሸለቆ አንድ ባንክ ነበር። ትልቅ ሕንፃ እንዳይመስልህ። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ቄስ፣ አንድ አስተማሪና ሃያ ሰባት ገበሬዎች የመሠረቱት ነው። ያኔ ብርዱ ሲገባ ገበሬው ከአራጣ አበዳሪ ይበደርና፣ በረዶው ሲቀልጥ ላሚቱን አስረክቦ ባዶ በረት ታቅፎ ይቀር ነበር። ከከተማው ባንክ ቢሄድ ደግሞ፣ አናውቅህም ይሉታል።»

«ኦኬ፣ ግን ዕቁብ ጣሊያን ነው እንዴ የሚያስተምረን?» አለ ሀብታሙ ፈገግ ብሎ።

«ፓስታውን በሹካ ስትጠቀልል ከማን ተማርኩት ብለህ ታውቃለህ?»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ሀብታሙም ሳቀ፤ ልጁ ቀልድ አይጠላም።

«እንግዲህ ስማኝ» አሉ። «ገንዘብ ስላልነበራቸው ስማቸውን አዋጡ። ሁሉም ለሁሉም ዋስ ሆነ። አንዱ ሳይከፍል ቢቀር፣ ሌላው ባለው ንብረት ሁሉ ይጠየቃል ብለው ፈረሙ። ያንን ፊርማ አምኖ ነው ሰው ገንዘቡን ያስቀመጠባቸው። ባንኩ የሚከፈተው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ ሰዓት ነው፤ ቢሯቸው የቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ ነበር። ደመወዝ የሚበላ አንድ መዝገብ ያዥ ብቻ። የእንጨት መሰንጠቂያው ጌታም አንድ ድምፅ፣ አንዲት ላም ያላት መበለትም አንድ ድምፅ። ትርፍ ቢገኝ አይካፈሉትም፣ ለክፉ ቀን ይቀመጣል።»

«ዌይት፣ ዌይት» አለ ሀብታሙ። «ማለት ትንሳኤ ብትጠፋ እኔ ልከፍል? ኖ ዌይ። ዛት ኢዝ ክሬዚ።»

«ፍስሐ ሲጠፋ ማን ከፈለ?»

ሀብታሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔም በእጄ ወደ ደረቴ ጠቆምኩ። እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት መቶ ዶላር አዋጥተን ነው ጉድጓዱን የደፈንነው።

«አየህ» አሉ ወይዘሮ ኤልፍነሽ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ዋስነቱ ድሮም አንገትህ ላይ ነው። ለማን ዋስ እንደሆንክ አለማወቅህ ነው ጉዳቱ። እነዚያ ገበሬዎች ዕዳው የራሳቸው መሆኑን ስላወቁ ዓይናቸውን ገለጡ። አንዱ ‹ላም ልገዛ ነው፣ አበድሩኝ› ሲል ሁለት አባላት ተነሥተው ላሚቱን ሊያዩ ይሄዳሉ። ጡቷን፣ ጥርሷን፣ በረቱን፣ ድርቆሹን ያያሉ። የማትረባ ከሆነች በዚህች ላም አናበድርህም ይሉታል፤ እዚያው ግን ደህና ላም ያፈላልጉለታል።»

ይህን ስሰማ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት ለስንት ዓመት ለተማሪ ሳስገለብጥ ኖሬ ለእኔ ለራሴ ሳይገባኝ መቅረቱ አናደደኝ። ሎሚውን መከፋፈል እናውቅበታለን። ሎሚው ይብሰል ወይ ይበስብስ ሄዶ የሚያይ ግን አልነበረንም።

ሀብታሙ በቀላሉ የሚረታ ልጅ አይደለም። «እትዬ፣ ያ ገጠር ነው። ሁሉም የሁሉንም ላም ያውቃል። እዚህ ሰው ዛሬ ስቶን ማውንቴን፣ ነገ ሻርሎት ነው። ማን ማንን ያውቃል? ላይክ፣ ስኮር ያስፈለገው እኮ ለዚህ ነው።»

«በዚህ እውነት አለህ» አሉ፤ ማመናቸው አስገረመኝ። «የእነሱም ነገር እንዲያው በቀላሉ አልሄደም። በፋሺስቱ ዘመን ሊዘጉ ምንም አልቀራቸውም። በኋላም የጎረቤት ሸለቆው ባንክ ለማያውቀው ሕንፃ ሠሪ ብዙ አበድሮ ወደቀና፣ የእኛው አነሣው፤ ተዋሐዱ። ዛሬ ኮምፒዩተርም አላቸው። ወረቀት አትመልከት አላልኩህም። ሰውየውን ሳታይ ወረቀቱን ብቻ አትመልከት ነው የምልህ። ለመሆኑ የፍስሐ ስኮር ስንት ነበር?»

ከውጭ የአምባቸው መፍቻ ይንጫጫል።

«ሰቨን ፎርቲ» አለ ሀብታሙ፤ ሰባት መቶ አርባ፣ ከደንቡ በላይ መሆኑ ነው። «አፓርታማ ሲከራይ አፕሊኬሽኑን የሞላሁለት እኔ ነኝ።»

«ገንዘቡን ለምን እንደፈለገው ጠይቀኸው ነበር?»

«ኖ። ፕራይቬት ነው ብዬ።»

እኔም አልጠየቅሁትም፤ ማናችንም አልጠየቅነውም። ጨዋነት መስሎን ነበር።

«እኔንም የከተማው ባንክ አላውቅሽም ብሎኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ኤልፍነሽ፣ አሁን ድምፃቸው ትንሽ ሻከር ብሎ። «ልጄን ከአዲስ አበባ ላመጣ ገንዘብ ቸግሮኝ። ወደ ሸለቆው ባንክ ስሄድ ሹሙ፣ ‹ይህችን ሴት ማን ያውቃታል?› አለ። የማስታምማቸው ሽማግሌ፣ ዳቦ ጋጋሪውና ፖስታ አመላላሹ፣ ‹አራት ክረምት እናውቃታለን› አሉ። ተበደርኩ፣ ከፈልኩ፣ አባል ሆንኩ። በዓመቱ ስብሰባ እጄን ሳወጣ ቆጣሪው እኔንም ቆጠረኝ። ያን ቀን ነው በዚያ አገር ሰው የሆንኩት።»

ሀብታሙ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ተነሣና፣ «ላሚቱ የት ናት?» አለ።

ከቀትር በኋላ ትንሳኤን ከቤቷ ይዘን ሦስታችን ወደ መኪና ሻጩ ሄድን፤ ሀብታሙ፣ እሷና እኔ። ሰኞ ልትፈርምባት የነበረችው ነጭ መኪና ተወልውላ ታበራለች። እኔ መኪና ነድቼ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝና ምንጣፉን ገልጬ እጄን ሰደድኩ። ከሥሩ ደርቆ የተጋገረ ደለል አለ። የወንበሩ ብሎኖች ዝገዋል፤ ቀበቶው እስከ መጨረሻው ሲሳብ የውኃ መስመር ይታይበታል። መኪናዋ ጎርፍ ውስጥ የከረመች ናት። ሻጩ ምን እንደሚል ለመስማት አልጠበቅንም።

ትንሳኤ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና፣ «ሰኞ እኮ ልፈርም ነበር» አለች ደጋግማ። ሀብታሙ አጠገቧ ቆሞ፣ «ወደዚህ የገፋሁሽ እኔ ነኝ። አይ አም ሶ ሶሪ» አላት። ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ አፍሮ ሳየው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ለአምባቸው ደወልኩለት፤ እሱም ራሱ ሲጠግናት የኖረ፣ ወደ ዳላስ የሚሄድ ደንበኛው በአራት ሺህ አምስት መቶ የሚሸጣት ኮሮላ እንዳለች ነገረን። ሄደን አየናት፣ ነዳናት፣ ወደድናት። በማግስቱ ንጋት ላይ ትንሳኤን ሥራዋ ያደረሳት ሀብታሙ ራሱ ነው፤ በሰዓቱ ገባች።

እሑድ በአሥር ሰዓት ዕቁቡ ሲሰበሰብ ሀብታሙ ደንቡን ራሱ አንሥቶ ቀደደውና ንግግር አደረገ። የትናንቱን ነገር ሁሉ ሳይደብቅ ተናገረ። «ሊስን፣ ከዛሬ ጀምሮ ዕቁብ የሚወስድ ሰው ለምን እንደሚያውለው ይነግረናል። ሁለት ሰው ሄዶ ያየዋል። እሱን ለመሰለል አይደለም፣ እንዳይታለል ነው። ሁላችንም ለሁላችንም ዋስ ነን፤ ዋስ አምጣ ተብሎ የሰው ደጅ የሚጠና አይኖርም። ከየዕቁቡ ሃምሳ ዶላር ለክፉ ቀን እናስቀምጣለን፤ የታመመ ሰው ሳምንቱን ሳይጥል ቢቀር ከዚያ እንሸፍናለን። ዓመት ሲሆነን ደግሞ ጠበቃ አነጋግረን፣ እንደ ሕጉ ሬጅስተር እናደርገዋለን። ያኔ አዲስ የሚመጣ ሰው የአራጣ መኪና አይፈርምም።»

ሁለት ዕጣ የሚጥል አንድ ነጋዴ፣ እንግዲያው ሁለት ድምፅ ይገባኛል አለ። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ከኋላ ሆነው፣ «ሁለት እጅህን ካወጣህ ፖሊስ የመጣ ይመስላል፣ አንዱን አውርደው» አሉት። ቤቱ ሳቀ፣ ነጋዴውም ሳቀ፣ አንድ እጁን አወጣ። ሃያ አራት እጅ ቆጠርኩ፤ የትንሳኤም ዕጣ እንደ ወጣ ጸና።

አንባቢዬ ሆይ፣ እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው፤ ሰውን ማመን ዓይንን ከመጨፈን ጋር አንድ አይደለም። ሄዶ ማየትም ሰውን ማዋረድ አይደለም። አባቶቻችን ዕቁብን ሰጡን፣ ደግ አደረጉ፤ ያላለቀውን መጨረስ የእኛ ድርሻ ነው፣ ከሩቅ ሸለቆ ገበሬም ቢሆን ጠይቀን።

የዋስትናው ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሀብታሙ ቀድሞ ፈረመ። መጨረሻ ትንሳኤ ዘንድ ሲደርስ፣ ሳትፈርምበት ወደ ጎን ልታሳልፈው ስትል ያዝናት።

«እኔም?» አለች። «ሰባት ወሬ እኮ ነው። የማን ዋስ ልሆን?»

«የሁላችንም» አላት ሀብታሙ። «የእኔም። ዕጣዬ ሲወጣ ዋሴ አንቺ ነሽ።»

«ለእርስዎ? እኔ?»

«ለእኔ።»

ብዕሩን አነሣች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ወይዘሮ ኤልፍነሽም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ ትንሳኤ ቀና ብላ የባንክ ሠራተኛውን አየችው።

«ገንዘቡን ለምን ሊያውሉት ነው?» አለችው።

ሀብታሙ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ለቤት ነው» አለ። «ታከር ላይ ያየሁት ቤት አለ፤ ለቅድሚያ ክፍያው።»

«ሐሙስ ዕረፍቴ ነው» አለች። «በመኪናዬ መጥቼ ቤቱን አየዋለሁ።»

ከዚያም ፈረመች።