በአቡጀዲ የተሸፈነችው ጀልባ
ሆዴን አሞኛል በሳቅ፣ ታገሱኝ፤ ዋናው መጨረሻው ላይ ነው። በጋውን ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሰው ስናንሸራሽር ከርመን፣ እኔና ባሌ ጀማል ትንሿን ጀልባችንን ጭሮ ከተማ ግቢያችን ልናስቀምጥ በአይሱዙ ጭነን መጣን። አቧራ እንዳይገባባት ብዬ በነጭ አቡጀዲ የሸፈንኳት እኔው ነኝ፤ ከፈን እንደሚመስል መች አሰብኩ! በራችን ላይ ብቻዬን ስወርድ አማቴ ነጩን አዩና «ልጄን ውሃ በላብኝ!» ብለው መሬት ወደቁ። ወላሂ፣ ላነሳቸው ሮጥኩ! አፌን ሳልከፍት ጎረቤቶቻችን «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያሉ ጀልባዋን አውርደው ተሸከሟት። ጀማል ግን ጋቢና ውስጥ ያንኮራፋል። በጩኸቱ ባንኖ ወረደና «ኡሚ፣ ምን ሆነሻል?» አላቸው። እሳቸውም ፊቱን ዳብሰው ዳብሰው እንዲህ አሉት፦ «አንተ እዚህ ከሆንክ፣ ታዲያ እነዚህ የተሸከሙት ማንን ነው?»