ጥቁር የተቀባው ሰርባቶዮ

ክቡር ከንቲባችን፣ የተከበሩ አባታችን፣ መዳም ሬዥን፣ እናንተም ከቅርብም ከሩቅም ለአንሴልም ብላችሁ በዚህ ብርድ የቆማችሁ ወዳጆች ሁሉ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ያጽናን።

ኤርሚን ብሩሳል እባላለሁ። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ አንሴልም ጋራዥ ውስጥ በግራ በኩል ባለችው ክፍል የመኪና ወንበር የምሰፋው ሴትዮ ነኝ። እሱ ኮፈን ሥር፣ እኔ ጣሪያ ሥር። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ አብረን ሠራን።

ሬዥን ስለ ባሏ እንድናገር ስትጠይቀኝ እሺ አልኳት። ከዚያ ግን አንድ ነገር ነገርኳት፤ ትናንት፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን። ካለቀሰች በኋላ «ለሰውም ተናገሪው» አለችኝ። ስለዚህ የቆምኩት ላወድሰው ብቻ አይደለም። እዚህ ከተማ አንሴልም ኩርቲያድ በተነሳ ቁጥር አብራ የምትነሳ አንዲት ቀልድ አለች። ታውቋታላችሁ። አረንጓዴ ዘይት በምትጠጣ መኪና ላይ ቀይ የደፋው መካኒክ። ያቺን ቀልድ ይዞ እንዲቀበር አልፈልግም። ግማሿ የእኔ ናትና ጉድጓዱ ሳይሞላ ልወስዳት መጥቻለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ሰውዬው።

አንሴልም ምን ዓይነት ሰው ነበር? ዶሮዋን የምታስታውሱ አላችሁ? አዎ፣ እዚያ ኋላ የሚስቁት ያስታውሳሉ። ገና መቀጠሬ ነበር። ከላይኛው መንደር ዴኤስ የምትባል አንዲት የፈረንሳይ መኪና ከገበሬ መጋዘን ጎትተን አመጣን፤ የስልሳ አራት ሞዴል። አሥራ ስምንት ዓመት ቆማለች። የጣሪያው ጨርቅ ተቀዶ እስከ መሪው ተንጠልጥሏል፣ የወንበሩን ስፖንጅ አይጥ ጨርሶታል። የኋላውን በር ስከፍት ዶሮ ተቀምጣለች። እንቁላሏን እንደታቀፈች አብራን ተጎትታ መጥታለች።

«አንሴልም፣ እዚህ ዶሮ አለች!»

«ስንት ናት?»

«አንድ።»

«ታዲያ አንዲት ዶሮ አስፈራችሽ?»

«ታቅፋለች እኮ!»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ጎንበስ ብሎ አያት። አየችው። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋና «እንግዲህ ሞተሩን አስቀድማለሁ» አለኝ። «አንቺ የፊቱን ወንበር አውጪ። የኋላውን ስትፈለፍል ትረከቢያለሽ።» የመኪናዋ ባለቤት ደውሎ ወንበሩ የት ደረሰ ሲለው ምን ብሎ መለሰ? «የኋላው ወንበር ላይ ሥራ እየተሠራ ነው።» አልዋሸም። እንደዚህ ነበር፤ አይዋሽም፣ ግን ሁሉንም አይናገርም። ይህንን ያዙልኝ። ጫጩቶቹ ዘጠኝ ወጡ።

በሥራ ላይ ደግሞ ጨካኝ ነበር። ሞተ ብዬ አላለሳልስም። ወንበር ሰፍቼ ስገጥም ምሳውን ይዞ መኪናው ውስጥ ይገባል። ዳቦ፣ አይብ፣ ቋሊማ። በሩን ዘግቶ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው ይበላል። አንዴ ወጥቶ «ግራ ታፋዬን የሆነ ነገር ይቆረቁረኛል» አለኝ። «ዕድሜህ ነው» አልኩት። «ዕድሜዬ በሁለቱም ታፋዬ ነው ያለው» አለኝ። በንዴት ወንበሩን ፈታሁት። ከስፖንጁ በታች አንድ ጨርቅ ታጥፎ ቀርቷል፤ ውፍረቱ ከፖስታ አይበልጥም። ያን ቀን ጠልቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ሳልቀመጥበት ያስረከብኩት ወንበር የለም።

አሁን ወደ ቀልዷ ልምጣ።

መካኒክ ያልሆናችሁ እንድትከተሉኝ ነው። ዴኤስ እንደ ሌላ መኪና በሞላ አትቆምም። በዘይት ነው የምትቆመው። ሞተሯ ሲነሳ ከሆዷ ብድግ የምትለው በዘይት ነው። ፍሬኗ የሚይዘው፣ መሪዋ የሚዞረው፣ ካምቢዮዋ የሚገባው በዚያው ዘይት ነው። የቀደሙት ሞዴሎች ቀይ ይጠጣሉ፣ የኋለኞቹ አረንጓዴ። አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ውስጧ ያለው የጎማ ማሸጊያ፣ ጎሚኒ የምንለው፣ በሙሉ ተበላሸ ማለት ነው። ለዚህ ነው አረንጓዴ የምትጠጣዋ ዕቃዋም የዘይት መያዣ ሰርባቶዮዋም አረንጓዴ ተቀብቶ ከፋብሪካ የሚወጣው። ቀይ የሚጠጡት ዕቃቸው ጥቁር ነው። ያ ቀለም ጌጥ አይደለም። ትእዛዝ ነው።

እኔ ግን ያን ጊዜ ቀለም ሲባል የማውቀው የጨርቅ ቀለም ነበር።

ሁለት ዴኤሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዷ ዓመት አልፏት ገና ያላለቀችው ያቺ የዶሮዋ ናት፤ ቀይ የምትጠጣዋ። ሌላዋ የሙሴ ላቫስትር ናት፤ የስልሳ ዘጠኝ ሞዴል፣ አረንጓዴ። ሙሴ ላቫስትር እዚህ አሉ፤ ይቀመጡ፣ አይነሱ። ለልጃቸው ሰርግ እንድትደርስ ነበር የምንሠራት። ውስጧን በቡናማ ቆዳ አልብሻታለሁ። አንሴልም ሁለቱንም ሰርባቶዮ አውጥቶ ሰጠኝና «ፍቀሽ ቀቢያቸው» አለኝ። በምን ቀለም እንደምቀባ አልነገረኝም። ለምን ይነግረኛል? እንጀራው መካኒክነት ለሆነ ሰው ይህ የሚነገር ነገር አይደለም። አረንጓዴው ደግሞ ልጦ፣ ደብዝዞ አስቀያሚ ነበር። ሁለቱንም ከአንድ ጣሳ ጥቁር ቀባኋቸው። እንዲያምሩ ብዬ ብቻ። ሲደርቁ ላግዘው ብዬ እኔው ቦታቸው ላይ መልሼ አሰርኳቸው።

መኪኖቹ ኮፈን የላቸው፣ ፓራፋንጎ የላቸው፣ ራቁታቸውን ነው የቆሙት። አንሴልም ስልክ ሲያወራ ቆይቶ መጣ። ጥቁር ሰርባቶዮ አየ። ቀይ ደፋ። ወደ ሁለተኛዋ ዞረ። ጥቁር አየ። ቀይ ደፋ።

ያን ሁሉ ዓመት የሠራ ሰው እንዴት አላወቀም ትላላችሁ። ስትሉም ኖራችኋል። ዓይኑ ቀለሙን አመነ፤ ያ ቀለም አንድም ቀን ዋሽቶት አያውቅም ነበር። ያን ቀን ዋሸው። እንዲዋሸው ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሰርጉ ሆነ። መዳም ኦዲል፣ ከአባትሽ አጠገብ አይሻለሁ። አንቺ ነሽ ሙሽራዋ። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተሽ ገባሽ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሞተሩ ተነሳ። መኪናዋ ግን አልተነሳችም። ሰው ሁሉ አበባውን ይዞ ይጠብቃል፤ እሷ ሆዷን ድንጋዩ ላይ አስተኝታ ቀረች። ከሥሯ ቀይ ዘይት ይፈሳል። አንዱ «ሙሽራዋ ከበደቻት!» ብሎ ጮኸ። ግብዣው ድረስ በዳቦ ቤቱ መኪና ሄድሽ፣ ቀሚስሽን ዱቄት ነካው። ሰው ይህንን ነው የሚያወራው። የማያወራውን ልንገራችሁ፤ ፍሬኑም በዚያው ዘይት ነው። ወንዙ ጋ ያለው ቁልቁለት ላይ ደርሳችሁ ቢሆን ኖሮ የሚሳቅበት ነገር አይኖርም ነበር። ኦዲል፣ ይቅር በይኝ።

ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ናት። አንሴልም ጎንበስ ብሎ የሰርባቶዮውን ጥግ በጥፍሩ ፋቀ፤ እኔ በደንብ ያልፈቅኩትን ጥግ። አረንጓዴ ወጣ። ጥፍሩን አየ። ቀና ብሎ መደርደሪያዬ ላይ ያለውን የቀለም ጣሳ አየ። እኔን አየ። ጣሳውን አንስቶ ክዳኑን ጠበቅ አደረገና ጠረጴዛው ሥር ገፋው። ከዚያ ስልኩን አነሳ።

«ሙሴ ላቫስትር፣ ቀዩን የደፋሁት እኔ ነኝ። የእኔ ስህተት ነው። መኪናዎን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትቼ እሠራታለሁ።»

የደፋው እሱ ነው። አልዋሸም። ያልተናገረው እኔን ነው።

«አንሴልም፣ እኔ እኮ…» አልኩት።

«ኤርሚን፣ የመኪናዋን ወለል ምንጣፍ ንቀይልኝ» አለኝ። «የዘይቱ ቱቦ በሥሩ ነው የሚያልፈው።»

ሰባት ወር ፈጀብን። ፖምፓው፣ መሪው፣ ፍሬኑ፣ ካምቢዮው፣ ጎሚኒ የተባለ ሁሉ አንድ በአንድ ወጣ። እኔም የሰፋሁትን ሁሉ አውጥቼ መልሼ ገጠምኩት። በሰባቱ ወር ውስጥ ስለዚያ ጣሳ አንድ ቃል አልወጣውም። ተቆጥቶ የጮኸብኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሬዲዮውን ጮክ አድርገሽ ከፈትሽው ብሎ ነው።

ለምን ሸፈነኝ? ያኔ ጋራዡ ከገባሁ ገና ዓመት ከመንፈቅ ነበር። ሁለት ደንበኞች «ሴት መኪናዬ ውስጥ እጇን እንድታስገባ አልፈልግም» ብለው ፊቴ ላይ ተናግረዋል። «እንግዲያው መኪናችሁን ውሰዱ» ያላቸው አንሴልም ነው። የቀለሙ ነገር ቢሰማ በዚህ አገር ክር የሚያስነካኝ ሰው አይኖርም ነበር። እኔም አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀዋል።

ሬዥንም ለምን እንዳልተነገራት ትናንት ጠየቀችኝ። «ከእሱ ጋር ይህን ያህል ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን!» አለች።

በየነሐሴው አደባባዩ ላይ የድሮ መኪኖች ይሰበሰባሉ። በየነሐሴው አንድ ሰው ተነስቶ ቀይ ወይን የሞላ ብርጭቆውን ከፍ ያደርጋል። «አንሴልም! ይቺስ ለየትኛዋ ናት?» ጠረጴዛው ሁሉ ይስቃል። አንሴልም ይስቃል፣ ይጠጣል። ከዚያ ደግሞ ሦስት ሰዎች መኪናቸውን ከእሱ ወስደው ለሌላ ጋራዥ ሰጡ። እዚህ ካሉ፣ ስለ እኛ አይደለም አይበሉ። እሱ በዚህ ምን እንደተሰማው ግን ማንም አልጠየቀውም። እኔስ ምን አደርግ ነበር? እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አብሬ እስቃለሁ። ከሁሉ ለመናገር የከበደኝ ይህ ነው። አብሬ ሳቅኩ።

የመጀመሪያውን ዓመት ፈራሁ። ሁለተኛውን አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ስሜ ወጣ፣ ሰው ከሌላ ከተማ ድረስ ወንበር ያመጣልኝ ጀመር፣ የምፈራው ነገር አልቀረም። ያኔም አልተናገርኩም። ለምጄው ነበር። እሱ ከሳቀ ምን አለበት አልኩ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሆስፒታል ሄጄ «ልነግራቸው ነው» አልኩት።

«ለማን?»

«ለሁሉም።»

ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቅኩት። «ስሞት ንገሪያቸው» አለኝ። «አሁን ከነገርሻቸው የሚስቁበት ሌላ ነገር ይፈልጉብኛል። ደግሞ ሬዥንን አስቀድሚ።» ዓይኑን ጨፈነ። ተኛ ብዬ ልነሳ ስል «ጥቁሩ ግን ያምር ነበር» አለ።

ሙሴ ላቫስትር፣ ራስዎን ሲነቀንቁ አያለሁ። በቁጣ ይሁን በሌላ አላውቅም፤ ሲያልፉ ይነግሩኛል፣ እዚሁ የመቃብር ስፍራው በር ጋ እቆያለሁ። የሚለኝ ነገር ያለው ሁሉ እዚያ ያገኘኛል።

አሁን ተራ በተራ እያለፋችሁ አፈር ትጥሉበታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። አፈሩን ስትጥሉ፣ ያቺ መኪና ላይ ቀይ የደፋውን ሰው እየቀበርን ነው አትበሉ። ያቺን መኪና ፈትቶ የሠራትን ሰው ነው የምትቀብሩት።

አንሴልም። ስምህን በሰው ፊት ማጥራት የነበረብኝ አንተ ጆሮ ሳለህ ነበር። ዘገየሁ። ይቅርታ። ነሐሴ ሲመጣ አደባባዩ ላይ አንተ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ እኔ እቀመጣለሁ። ብርጭቆውን የሚያነሳ ወደ እኔ ያንሳው። ከእንግዲህ የሚስቁት በእኔ ነው፤ አንተ ዕረፍ። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።