የብረት እግርና የሻምበል ገብረመድኅን ትእዛዝ

አውቶቡስ መጠበቅ አልወድም። አልወድም ብዬስ ምን ላመጣ፤ የመምህር ደመወዝ ከአውቶቡስ በላይ አያሳፍርም። በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰፈራችን ቃሓውታ ካለው ፌርማታ ቆሜ ስበሳጭ፣ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ድንገት አጠገቤ ተገናኙ። የዚያን ጊዜዋን አሥመራ ለማያውቅ ልንገረው፤ ሰው ፌርማታ ላይ ሲገናኝ ሰላምታው አጭር ነበር። ሦስተኛው ሰው ማን እንደሆነ፣ የሰማውንም የት እንደሚያደርሰው አይታወቅማ። የዚያን ቀን ሦስተኛው ሰው እኔ ነበርኩ።

አንደኛው ጎረቤቴ ሻምበል ገብረመድኅን ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምልምል ሲያሠለጥኑ ኖረው በጡረታ የወጡ፣ ወገባቸው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ሸዌ ሽማግሌ። ሁለተኛው ሰረቀብርሃን የሚባል የከተማው ልጅ ነው። ዩጎዝላቪያ ተምሮ መጥቶ በአውቶቡስ ጋራዥ መሐንዲስ ሆኗል። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ሲጨንቀው ግን ትግርኛው ይቀድመዋል።

«እንኳን አገኘሁህ፤ ጉዳይህን ጨርሼልሃለሁ» አሉት ሻምበል፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው።

«የቱን ጉዳይ አባቴ?»

«የብረት እግሩን ነዋ። እዚህ ጦር ሰፈር ላሉት ኮሎኔል ነገርኳቸው። እሑድ ቤቴ ሰው ልከው ያስመረምሩታል። ካማራቸው ለሠራዊቱ በብዛት ይሠራል፤ አንተም የሥራው አለቃ ትሆናለህ።»

የሰረቀብርሃን ፊት አመድ መሰለ። እኔም ገባኝ፤ ምክንያቱም ስለ ብረት እግሩ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የሻምበል ልጅ ንዋይ ባለፈው ዓመት ሳህል ተራራ ላይ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ወገቡን መትቶት እግሮቹ አልታዘዝ ብለውታል። ከጦሩ ይሰናበት እንደሆን የሐኪሞች ቦርድ ገና አልወሰነለትም፤ ስለዚህ ሳሎን ተኝቶ ዛሬም ወታደር ነው። ሰረቀብርሃን ዩጎዝላቪያ ተማሪ ሳለ ሽባ ሰው በነፋስ ግፊት በሚሠራ የብረት እግር ሲራመድ አይቶ ነበርና፣ ሻምበል ለምነውት ለንዋይ አንድ እየሠራለት ነው። የተጣለ አውቶቡስ በር የሚከፍቱትን የነፋስ ክንዶች ፈትቶ ከብረት ጉልበት ጋር አጋጥሟል። በሩን ፉ ብሎ የሚከፍተው ኃይል አሁን ጉልበት ያጥፋል፣ ይዘረጋል ማለት ነው።

«ሻምበል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ሰረቀብርሃን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያ ነገር ለታመመ ሰው ነው። ለጦር ሜዳ አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም? አሜሪካኖቹ ቃኘው ጦር ሰፈር በነበሩበት ጊዜ አንድ ሳጅን ሥዕሉን አሳይቶኛል። ብረት የለበሰ ሰው ቦምብ እንደ እንጀራ ትሪ ሲያነሳ።»

«ሥዕል ነዋ። ሥዕል ብረቱ አይከብደውም።»

ሻምበል እጃቸውን ከትከሻው ላይ አነሱ። ይህን እጅ ማንሳት አልወደድኩትም።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ» አሉ በቀስታ። «ወታደሩ ዳገት ሲወጣ ጥይቱና ውኃው ጀርባውን ይሰብረዋል። ይህ ብረት ሸክሙን ይሸከምለታል። አንተ የምትችለውን አልችልም የምትለው ለምንድን ነው? ወታደራችን እንዲበረታ የማትፈልግበት ምክንያት አለህ?»

በዚያ ዘመን ይህን ጥያቄ የተጠየቀ ሰው ማታ ቤቱ ለመግባቱ ዋስትና አልነበረውም፤ በተለይ ስሙ ሰረቀብርሃን ከሆነና ዘመዶቹ ከተማ ይሁኑ በረሃ በውል ካልታወቀ። እኔም በውነቱ ጠረጠርኩት። ደግሞም ሻምበልን ጠረጠርኩ፤ ይህን ሁሉ የሚሉት አስበውበት ይሆን እያልኩ። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ አንዴ ከገባ ማንንም አይመርጥም።

«ኣይፋል» አለ ልጁ። «ማለቴ፣ የለኝም ሻምበል። እሺ እችላለሁ ልበልና ይሠራ። ነፋሱ የሚመጣው ከየት ነው? መደበር ገበያ ነፋስ የሚያምቅ ኮምፕሬሶር አለ፤ በቧንቧ ይመጣል። ሳህል ላይ ቧንቧውን ማን ይዘረጋዋል?»

«በጋዝ ቦምቦላ ሞልቶ ይዞት ይሂድ። እንደ በያጆቹ።»

«ቦምቦላውም ብረት ነው። ወታደሩ አንድ ሻሂ ጠጥቶ እስኪጨርስ ባለው ጊዜ ነፋሱ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ጥይቱን፣ ውኃውን፣ ቦምቦላውንና የብረት እግሩን ተሸክሞ በገዛ ጉልበቱ ዳገት ይወጣል።»

«ሞተር ይደረግበት።»

«ሞተሩ ናፍጣ ይፈልጋል፤ ናፍጣውን ሌላ ሰው ይሸከማል። ደግሞም ይጮኻል። በሌሊት አድፍጦ የሚሄድ ወታደር እንደ አውቶቡስ ፉ ፉ እያለ ይሄዳል?»

ሻምበል ግን አልተረቱም። ወደ እኔ ዘወር ብለው «መምህር፣ ይምጡና እርስዎ ይፍረዱ። እዚያው መደበር እንሂድና ለብሼ አየዋለሁ» አሉኝ። አውቶቡሱ እንደሆነ አልመጣም። በእግራችን ሄድን።

መደበር፣ ያ የቀጥቃጮችና የወፍጮዎች ገበያ፣ እንደ ልማዱ ጆሮ ያደነቁራል። ቀጥቃጩ በርሜል ይገለብጣል፣ በርበሬ ፈጪው ያስነጥሳል፣ ምጣድ የሚቆርጠው መንገዱን ይዟል። ሰረቀብርሃን ብረቱን ከሚሠራባት ጠባብ ወርክሾፕ፣ አሥመሮች ኦፊቺና ከሚሏት፣ ገባንና በሩን ዘጋው። ንዋይ በቁመት አባቱን ስለሚያህል፣ ብረቱ ለሻምበል ልክ ሆነ። ጠፍሩን ከጭናቸውና ከወገባቸው አሰረላቸው፣ ቧንቧውን ሰካና ሲጫኑት ጉልበቱን የሚያጥፍ፣ ሲለቁት ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ትንሽ ቁልፍ በእጃቸው አስያዛቸው።

የሆነውን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ሻምበል ሪህ ያለባቸው ሰው ናቸው። ግማሽ ኩንታል በርበሬ ትከሻቸው ላይ አስቀመጥንላቸው፤ ቁልፉን ሲጫኑ ጉልበቱ ፉ ብሎ ተነሳ፤ ከጥግ እስከ ጥግ እንደ ጎረምሳ ተመላለሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አየህ አይደል?» አሉት። «አየህ? ንዋይ ይህን ለብሶ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ጓደኞቹ መካከል ይቆማል። እኔ ልጄ በአልጋ ላይ ሲቀር ዝም ብዬ የማይ መስሎህ ነው?»

ያን ጊዜ ነው የሽማግሌው ነገር የገባኝ። ስለ ሠራዊቱ ያሉት ሁሉ እውነት ቢሆንም ከሁሉ ሥር ያለው ንዋይ ነበር። ልጃቸው የሚነሳበት ሌላ መንገድ አልታያቸውም።

ሰረቀብርሃን ጆንያውን ከትከሻቸው አወረደላቸውና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። «ሻምበል፣ ልጅዎ ነኝና አይቀየሙኝ» አለና፣ ከዚያ ቀጭን ሰውነት ይወጣል ብዬ ባልጠበቅሁት ድምፅ «ተኛ!» ሲል ጮኸ።

የአሠልጣኝ ገላ ትእዛዝ አይረሳም። የሻምበል እጆች ወደ ፊት ተወረወሩ፣ አንገታቸው ገባ፣ ደረታቸው ጎነበሰ። ጉልበታቸው ግን አልታጠፈም። ቁልፉ ከእጃቸው ወድቆ ነበርና ብረቱ ቀጥ እንዳለ ቀረ። ወደቁ እንዳይባል አልወደቁም፤ ተኙ እንዳይባል አልተኙም። ከወገባቸው ጎብጠው ያንን ሰፊ ደረታቸውን ለበሩ ሰጥተው ቆሙ።

«ፍታኝ» አሉ።

«እየፈታሁ ነው አባቴ።» ጠፍሮቹ ብዙ ናቸው፤ ጣቱ ቢፈጥንም ጊዜ ወሰደ። «ይህን ስሠራ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው እንዳይወድቅ። የታመመ ሰው ትልቁ ፍርሃቱ መውደቅ ነው። የወታደር ነፍስ ደግሞ የምትተርፈው መሬት ላይ ሲወድቅ ነው። ሁለቱን በአንድ ብረት ማድረግ ዛሬ እኔ አልችልም፤ ያስተማሩኝም አልቻሉም። እችላለሁ ብል እርስዎ ደስ ይልዎታል፣ እኔም አለቃ እሆናለሁ። ልጆቹ ግን ቆመው ይመታሉ።»

ሻምበል ከብረቱ ወጥተው የጆንያው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የራሳቸውን ጉልበት አሹ።

«ንዋይ ሕፃን ሳለ ግቢያችን ውስጥ እንጫወት ነበር» አሉ። «እኔ ተኛ እላለሁ፤ እሱ ይወድቃል። እናቱ ልብሱን አቆሸሽከው ብላ ትቆጣኛለች። ሳህል ላይ ያ ፍንጣሪ ሲመጣ ተኝቶ ስለነበር ነው ወገቡን ብቻ መትቶት በሕይወት የተረፈው። ያልተኙት አልተመለሱም።» ከዚያ ቀና ብለው «ጠርጥሬህ ነበር። አንተን መጠርጠር አልነበረብኝም» አሉት።

«የቐንየለይ» ብሎ ሰረቀብርሃን በትግርኛው አመሰገናቸው።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ግን እሑድ ቀርቧል፣ የኮሎኔሉ ሰው ይመጣል። ቅዳሜ ብረቱንና ኮምፕሬሶሩን ወደ ቃሓውታ አምጥተን ንዋይን ስናቆመው፣ ልጁ በክራንች ተደግፎ ከአልጋው እስከ ግቢው በር ሄዶ ተመለሰ። እናቱ ወይዘሮ እማዋይሽ አልቅሰው ሳይጨርሱ ፈሩ።

«አስተኙት» አሉ። «ብርድ ልብስ አልብሱት፣ ብረቱንም ደብቁት። ቆሞ ካዩት ድኗል ብለው ይወስዱብኛል።»

እኔም እውነታቸውን ነው አልኩ። በዚያ ዘመን የቆመን ሰው ማሳየት ብልኅነት አልመሰለኝም።

«ዛሬ ከደበቅነው» አለ ሰረቀብርሃን፣ «በር በተንኳኳ ቁጥር ሊተኛ ነው። ከአልጋ ያወጣነው ለዚህ ነው?»

ሁላችንም ሻምበልን አየን። «ይቆማል» አሉ።

እሑድ አንድ ሻለቃ በጂፕ መጣ። ዓይኑ ከሰው ፊት ላይ የማይነቀል፣ የተጠየቀውን ሳይሆን ያልተነገረውን የሚሰማ ዓይነት ሰው ነው። ሻምበል ነገሩን እንደ ጦር ሪፖርት አስረዱት፤ ነፋሱ እንደሚያልቅ፣ እንደሚጮኽ፣ ለአንዱ የተለካው ለሌላው እንደማይሆን፣ ሲሰበር ምሽግ ውስጥ የሚጠግነው እንደሌለ።

«ባለፈው ሳምንት ለኮሎኔሉ ሌላ ብለው ነበር» አለ ሻለቃው ሰረቀብርሃንን እያየ። «ይህን ያስጠናዎት ማን ነው?»

«ማንም አላስጠናኝም ጓድ ሻለቃ። ለብሼው ነው ያየሁት። የመጀመሪያው የኔ የሽማግሌ ምኞት ነበር። ጥፋት ካለ የኔ ነው።»

ሻለቃው ወደ ግድግዳው ዞረ። ንዋይ ብረቱን ለብሶ፣ ክራንቹን ይዞ ቆሟል።

«ይኸው ቆሟል እኮ። ቆሞ የሚሄድ ሰው ክፍሉ ይፈልገዋል።»

ወይዘሮ እማዋይሽ የበሩን መቃን ያዙ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሻምበል ግን ቀጥ ብለው «ጓድ ሻለቃ፣ እባክዎ ተኛ ይበሉት» አሉ።

«ምን?»

«ይዘዙት። ወታደር ነው።»

ሻለቃው ጠረጠረ፣ ግራ ተጋባ፣ በመጨረሻ ግን አዘዘ። «ተኛ!»

ንዋይ ክራንቹንም ቁልፉንም ጣለ። እጆቹ ወደ ፊት ሄዱ፣ አንገቱ ገባ፤ ከወገብ በታች ግን ብረቱ አላንቀሳቅስ አለው። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ሻለቃው ቀርቦ ትከሻውን በእጁ ተጫነው፤ አልበገር አለ። ጠፍሩን ለመፍታት ሞከረ፤ ማሰሪያው አስቸገረው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ የጎበጠውን ልጅ ሲያየው ቆየ። ምናልባት እሱም ሳይተኛ የቀረ ሰው ያውቅ ይሆናል።

«መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው» አለ ለራሱ ያህል። ኮፍያውን አደረገ። «ለሠራዊት አይሆንም ብዬ አስታውቃለሁ። ለቦርዱም ይህን ልጅ እንዳየሁት እናገራለሁ፤ ካለብረቱ አይቆምም፣ በብረቱ አይዋጋም።» ጂፑ ሄደ።

ሻምበል ልጃቸውን ቀና አድርገው ክራንቹን ካስያዙት በኋላ ወደ እኔ ዞሩ፤ አሠልጣኝነታቸው ተመልሷል። «መምህር፣ ይህን ለተማሪዎችዎ ይንገሩልኝ። አዲስ ነገር ሲመጣ እንደኔ ዘመን ሰው አይሽሹት፤ እንደኔም ሰምተው ብቻ አይክነፉበት። ለብሰው ይዩት። ይህ ብረት ለተራራ ያልሆነው ቧንቧው ስለማይደርስ ነው፤ እቤት ግን ይደርሳል። ንዋይ ሽንት ቤቱ ራሱ ይሄዳል፣ ፊቱን ቆሞ ይታጠባል፣ ነገ ደግሞ ከሰረቀብርሃን ጋር ኦፊቺናው ውስጥ ቆሞ ሥራ ይማራል። ስንት የቆሰለ ልጅ በየቤቱ ተኝቶ አለ፤ ለእነሱም ይሠራል። ከዚህም በላይ...»

«አባባ» አለ ንዋይ፣ «ደከመኝ።»

ንግግሩ እዚያ ላይ ቆመ። ሻምበል አልጋው አጠገብ አደረሱት፣ ሪሃቸውን ረስተው ተንበረከኩ፣ ጠፍሮቹን አንድ በአንድ ፈቱ፤ ሰረቀብርሃን ሊረዳቸው ቢል በእጃቸው ከለከሉት። የመጨረሻው ሲፈታ ልጁን በሁለት እጃቸው ደግፈው ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉት።

«ተኛ ልጄ» አሉት።